ልብ በከፍታ ላይ፦ «ጤነኛ» የሚባለው ምት የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዴንቨር የሚገባ ኢትዮጵያዊ ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ነው የሚጓዘው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በከፍታዋ የምትኮራው ዴንቨር ግን 1,609 ሜትር ላይ ናት። ዓመታትን በዋሽንግተን ወይም በሂዩስተን ኖሮ ወደ አውሮራ የተዛወረ ወገናችን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ ልቡ ከወትሮው ፈጥኖ ሲመታ ይሰማዋል። የሁለቱም ልብ ጤነኛ ነው፤ የሚለያዩት በመጡበት ከፍታ ነው። ታዲያ የሕክምና ሳይንስ «ጤነኛ» የሚለውን መለኪያ የወሰደው ከማን አካል ላይ ነው? ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ከታሪኩ ሰፊው ክፍል የተጻፈው በኮሎራዶ ነው።

አስቀድሞ አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት። ልብ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ይመታል። የምቱ መነሻ በቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ያለ ጥቂት ሥጋ መሆኑን አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ በ1907 አሳይተዋል። ይህ ሥጋ ከነርቭ ተነጥሎ ለብቻው ቢተው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ ከዚህ ዝግ የሚለው ቬገስ የተባለው ነርቭ ዘወትር ልጓም ስለሚይዝበት ነው፤ የዌበር ወንድማማቾች ይህን የነርቩን ኃይል ያወቁት በ1845 ነበር። በአንጻሩ ሲምፓተቲክ የሚባሉት ነርቮች ያፋጥኑታል። በአንገት ግራና ቀኝ ባሉት የደም ቧንቧዎች መገንጠያ ላይ ደግሞ የኦክስጅንን መጠን የምትከታተል፣ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ አካል አለች። የእነዚህን ጠባቂዎች ሥራ የመረመረው ቤልጂጋዊው ኮርኔይ ሄይማንስ የ1938 የኖቤል ሽልማትን አግኝቷል። በከፍታ ላይ ኦክስጅን ሲሳሳ ጠባቂዎቹ ያስጠነቅቃሉ፤ ትንፋሽ ይበረታል፤ ልጓሙ ይላላል፤ ልብም ይፈጥናል።

ይህ እንግዳ አካል የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን ይከተላል የሚለው ነበር። በ1911 የበጋ ወራት የኦክስፎርዱ ጆን ስኮት ሃልዴን፣ ሲ. ጂ. ዳግላስ፣ የየሉ ያንዴል ሄንደርሰንና የኮሎራዶ ኮሌጁ ኤድዋርድ ሽናይደር 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ጫፍ ላይ ለአምስት ሳምንታት ሰንብተው ትንፋሻቸውን፣ ደማቸውንና ምታቸውን መዘገቡ። የለኩት ግን የራሳቸውን፣ የቆላ ሰዎችን አካል ነበር። ከቡድኑ ብቸኛዋ ሴት ሜብል ፊትዝጄራልድ ጫፉ ላይ ከወንዶቹ ጋር አልሰነበተችም፤ በማዕድን ቆፋሪዎች ሠፈሮች እየተዘዋወረች በከፍታው ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱትን ሰዎች መረመረች። ሃልዴን ሳንባ ኦክስጅንን እንደ ዕጢ ያመነጫል ያለው ንድፈ ሐሳብ ውድቅ ሲሆን፣ የእርሷ ልኬት ዛሬም ይጠቀሳል። ኦክስፎርድ የክብር ዲግሪ የሰጣት ግን በ1972፣ መቶ ዓመት ሲሆናት ነበር።

በመካከሉ መለኪያው ወደ ፍርድ ተለወጠ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ባርክሮፍት ወደ ፔሩ ተራሮች ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ የደጋ ነዋሪ ሁሉ በአካልም በአእምሮም የተጓደለ ነው እስከ ማለት ደረሰ። የፔሩው ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ አጥብቆ ተቃወመው። የቆላ ተመራማሪ እየታመመ የወጣበትን ተራራ፣ ሌላው ሕዝብ ለሺህ ዓመታት አርሶበታል፤ ወልዶበታል።

በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ 2,240 ሜትር ላይ ሲካሄድ ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ፣ በ10,000 ሜትር ብር ሲያገኝ ተረቱ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ዞረ፤ «ጉድለት» የተባለው አሁን «የተፈጥሮ ስጦታ» ተባለ። ሁለቱም የሥልጠናን ላብ የሚረሱ ናቸው። ሮበርት ግሮቨርና ጃክ ሪቭስ በ1967 ባሳተሙት ጥናት 3,100 ሜትር ላይ ባለችው ሌድቪል ያደጉ ወጣት ሯጮችን ከኬንተኪ ቆላ ከመጡ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸሩ። በከፍታው ላይ የሁለቱም ወገን ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም በሩብ ያህል ቀነሰ። በደጋ ማደግ ብቻውን ሻምፒዮን አያደርግም ማለት ነው። በዚያው ዘመን ሌላ እንቆቅልሽም ታየ፦ በከፍታ ላይ የከረመ ሰው ዕረፍት ላይ ምቱ ቢፈጥንም በብርቱ ሥራ ጊዜ የሚደርስበት የምት ጣሪያ ዝቅ ይላል። የቬገስን ልጓም የሚፈታ መድኃኒት ሲሰጥ ጣሪያው መልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ልብ የዛለው ከድካም ብቻ አይደለም፤ አካል ራሱ ልጓሙን ያጠብቃል።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ በሙሉ ድምፅ የገባችው ዘግይታ ነው። ሲንቲያ ቢል ከኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ያሳተሙት ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ የቆላ ሰው ልኬት ነው። የአንዲስ ነዋሪ ደሙን ያወፍራል፤ የቲቤት ነዋሪ በዝቅተኛ ሙሌት ይኖራል፤ የስሜን ሰው ግን ሦስተኛ መንገድ አሳየ። በኋላ የመጡ ጥናቶች በአማራና በኦሮሞ ደገኞች መካከል ልዩነት አግኝተው ሥዕሉን አወሳስበውታል፤ ይህም ኢትዮጵያዊን በአንድ ቁጥር መወከል እንደማይቻል ያስተምራል።

ዛሬ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ግቢ የሚገኘው አውሮራ ውስጥ፣ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸው ታምሞ ሰባት ሳምንት በተኙበት በቀድሞው የፊትዝሲመንስ ወታደራዊ ሆስፒታል ሥፍራ ላይ ነው። በግቢው ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የዴንቨር እኅት ከተማ አክሱም፣ የአውሮራ ደግሞ አዳማ ናት። በደጋ ተወልዶ፣ በቆላ ሠርቶ፣ በመካከለኛ ከፍታ የሚያረጅ እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ሃልዴን ሊያልመው የማይችል ተፈጥሯዊ ቤተ ሙከራ ነው። ነገር ግን አንድ ሁኔታ አለው፦ ፊትዝጄራልድ እንዳደረገችው ነዋሪውን ከልብ መጠየቅ፣ በ2002ም እንደታየው የሀገሩን ሐኪም በጥናቱ ባለቤትነት ማካተት ያስፈልጋል። የእኅት ከተማነት ስምምነቶች ከሥነ ሥርዓት አልፈው የጋራ ጥናት መሠረት እንዲሆኑ ለመጠየቅ አቅሙም ዕውቀቱም ያለው ዳያስፖራው ነው። መለኪያውን ለሌላ የተወ ሕዝብ አንድ ጊዜ ጎዶሎ፣ ሌላ ጊዜ ተአምር ሲባል ይኖራል፤ ጤነኛ መሆኑን ግን ማንም አይነግረውም።