የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና የታሪክ ጸሐፊዎች ትርጓሜ፤ ከወለጋ በኩል ሲታይ

ባለፈው ክረምት በጊዳ አያና ሳለሁ፥ ስለዚህ ጥናት የሰሙ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «ለመሆኑ ልጄ፥ በዚያ ወረቀት ላይ ስለ አባቶቻችን የፈረመ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የሚለያዩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው፥ ይህ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፥ ዋና አብነታቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በ7 ምዕራፍና በ55 አንቀጽ የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ የኢትዮጵያ ምድር ከዳር እስከ ዳር በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥር መሆኑን ይደነግጋል፤ በ3ኛው የዘውዱን ወራሽነት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ይወስናል። ሁለት ምክር ቤቶችም አቋቁሟል። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ።

የፊተኛው ትርጓሜ ሰነዱን እንደ ስጦታ ያየዋል። ንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ሐሳቡን ገና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አንሥተውት ታላላቆቹ መኳንንት እንደተቃወሙት ይገልጻሉ። በዚህ አነጋገር ሕገ መንግሥቱ በልማድ የኖረውን አገዛዝ ወደ ሕግ ያሸጋገረ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ሁለተኛው ትርጓሜ፥ በተለይም በፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ጽሑፍ የሚገኘው፥ ሰነዱን ሥልጣን በማእከል የተጠቀለለበት ሕጋዊ መሣሪያ አድርጎ ያየዋል። ከጃፓን ጋር ማነጻጸሩም ይህን ይረዳል። የጃፓኑ ሕግ ከታችኛው ምክር ቤት ጋር የሕዝብ ምርጫን ሲያስከትል፥ የኛው ምርጫውን ለወደፊት አቈይቶታል።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? በእኔ አስተያየት፥ ሰነድ የሚመዘነው በተናገረው ብቻ ሳይሆን ዝም ባለበትም ነው። ሕገ መንግሥቱ አገራቸውን በዘር ወርሰው ስለሚያስተዳድሩ ገዦች ዋስትና አልሰጠም። የወለጋ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የነቀምቱ ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ገደማ በሰላም ለምኒልክ ስለ ገቡ፥ እሳቸውና ልጃቸው ኩምሳ፥ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር። ይህን የመሰለው የቆየ ስምምነት በ55ቱ አንቀጽ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ሕጉ ከታወጀ ዓመት ሳይሞላው፥ በ1924 ዓ.ም. የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተሻሩ፤ የጅማም የራስ ገዝነት አበቃ። እርግጥ ነው፥ ራስ ኃይሉ የተሻሩት ልጅ ኢያሱን ከእስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ነው፤ ነገር ግን የነገሩ አካሄድ በአንድ አቅጣጫ ነበር።

የዝምታውም ዋጋ በ1928 ዓ.ም. ታየ። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፥ የኩምሳ ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ከሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ጋር ሆነው አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቅ ለመንግሥታት ማኅበር ጻፉ። ይህንንም አንዳንዶች እንደ መገንጠል፥ ሌሎች ከፋሺስት ለመዳን እንደ ተፈለገ መንገድ ይተረጕሙታል። ሁለቱም ትርጓሜ ቢሆን፥ በ1923ቱ ሰነድ ስፍራ ያላገኙ ሰዎች ሌላ ሰነድ መጻፋቸውን ያስረዳል።

ሕገ መንግሥቱ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ 131 አንቀጽ ሆነ፤ የሕግ መምሪያው አባሎችም በሕዝብ መመረጥ ጀመሩ። ስለዚህ የፊተኛው ትርጓሜ ፈጽሞ ውሸት ነው አይባልም፤ በሩ በጠባቡም ቢሆን ተከፍቶ ነበር። ለሽማግሌው ግን የምመልሰው ይህን ነው፤ መኳንንቱ ፈርመዋል፥ ነገር ግን አባቶቻችን መርጠው የላኩት ፈራሚ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ስም ይጀምራል። እርሱንም ወደፊት የሚመረምር የታሪክ ተማሪ፥ የሽማግሌውን ጥያቄ ደግሞ ማንሣት ይገባዋል።