ከገና ዱላ እስከ ቀስት

በሰሜን ሸዋ፣ መንዲዳ አካባቢ፣ ለገና ጨዋታ የሜዳ ልክ አይበጅለትም ነበር። አንዱ ግብ እዚህ መንደር ዳር፣ ሌላው ኪሎ ሜትሮች ርቆ እዚያ ማዶ ይሆናል። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ የያዘ ጎረምሳ ሩሯን (አንዳንድ ቦታ ጥንግ ይሏታል) እያሳደደ ማሳውን ያቋርጣል፣ ዳገቱን ይወጣል። በገና ዕለት ጌታ ሎሌው ቢመታው እንኳ አይቆጣም። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ መንደር የተወለደው ልጅም ይህን ጨዋታ እየተጫወተ አደገ። ያን ጊዜ ማራቶን የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ርቀቱን ግን እግሩ ያውቀው ጀምሯል።

ያ ልጅ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ 65 ሺህ ያህል ሕዝብ እንደሸኘው ይገመታል። ቀብሩ በሙሉ ወታደራዊ ክብር ተፈጸመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኙ፤ የሐዘን ቀንም አወጁ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በተነሣ ቁጥር ፊት የሚመጣው አንድ ሥዕል ነው፦ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን፣ ባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ታሪኩን ያልሰማ ስለሌለ እዚህ አንደግመውም። ደስ የሚለው ሥዕል ግን ሌሎቹን ሥዕሎች ጋርዷቸዋል፤ በተለይ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት።

አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ከ8 ቀን በኋላ በዚያው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ተፎካከሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። መነሻው እንግሊዝ አገር የሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ አከርካሪያቸው የተጎዳ 16 የቀድሞ ወታደሮችን ሰብስቦ ቀስት አስወነጨፋቸው። ሰውየው ስፖርትን የሚያየው እንደ መድኃኒት ነበር። በ1953 መባቻ፣ ወርቁን አንገቱ ላይ ላጠለቀው የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ ይህ ሁሉ የማይመለከተው የሌሎች ሰዎች ታሪክ ነበር።

የአበበን ጉልበት ለመገመት የቶኪዮን ኦሊምፒክ ማየት ይበቃል። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ 6 ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2:12:11 ገባ። ተከታዩ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ በዚያ መካከል አልተጋደመም፤ ሜዳው መሐል ገብቶ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ሥራ ያልጨረሰ ሰው ይመስል ነበር።

በቀጣዩ ኦሊምፒክ፣ ሜክሲኮ ላይ፣ ግን እግሩ ከዳው። ተሰንጥቆ የነበረ አጥንት ይዞ ነው የተነሣው፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቆመ። ጓደኛው ማሞ ወልዴ ኋላ እንደተናገረው፣ አበበ እንደማይጨርስ ነግሮት ድሉን አደራ ሰጥቶታል። ማሞ አደራውን አልበላም፤ በ2:20:26 ወርቁን ይዞ ገባ።

አምስት ወር አለፈ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ንጉሡ ከቶኪዮ ድል በኋላ የሸለሙት ቮልስዋገን ተገለበጠ። አበበ እስኪነጋ ከውስጡ አልወጣም። ስቶክ ማንደቪል ሲደርስ እጁም እግሩም አይታዘዙለትም ነበር። እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እግሩ ግን ቀረ። ድሉም አደጋውም ከአንድ እግዚአብሔር እንደመጣ ይናገር ነበር። ከ8 ወር ሕክምና በኋላ አገሩ ቢመለስም፣ ቁጭ ብሎ የቆየ ዝናውን ሲያወራ የሚኖር ሰው አልሆነም።

ሐምሌ 1962 ዓ.ም. ጉትማን በጀመረው ውድድር ላይ ቀስት ይዞ ቀረበ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። ዓለም በእግሩ የሚያውቀው ሰው በክንዱ ጀማሪ ሆነ። በዕድሜው አጋማሽ ላይ፣ ያውም ሁለት ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ እንደ አዲስ ጀማሪ ሆኖ ሕዝብ ፊት መቅረብ ከሮሙ ኮብልስቶን የሚቀል አይመስልም። በዓመቱ ሚያዝያ ኖርዌይ ለተመሳሳይ ውድድር ጠራችው። የተጠራው ለክብር እንግድነት ነበር። እሱ ግን በቀስትም በጠረጴዛ ቴኒስም ተወዳደረ፤ ከዚያም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ አገር አቋራጭ ውድድር ገባ። በረዶን የሚያውቁት ሰሜኖቹ ናቸው፤ አሥራ ስድስት ተፎካካሪዎችን አሸንፎ በ1:16:17 አንደኛ የወጣው ግን የጃቶው ልጅ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክም በእንግድነት ጠራችው። በመክፈቻው ዕለት በወንበሩ ሲታይ ተመልካቹ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን በአንድ ቀን ተላልፎ በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ላይ ዋለ፤ ከሮም ልክ 12 ዓመት። አርባ ዓመት የሆነው ማሞ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ነበር፤ ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ አበበ ከወንበሩ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው።