ድጎማ ወይስ መዋጮ?
«ደጎመ» ማለት ደገፈ፣ የጎደለውን ሞላ ነው፤ «ኑሮውን በትርፍ ሰዓት ሥራ ይደጉማል» እንላለን። በዜና ቋንቋ ግን ቃሉ እየጠበበ መጥቶ መንግሥት ከካዝናው የሚያወጣው ገንዘብ ሆኗል፤ «የነዳጅ ድጎማ» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ጀርመን የነፋስ ኃይልን ስትደጉም ኖራለች» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ለነፋስና ለፀሐይ ኃይል አምራቾች ለ20 ዓመት የተቆረጠ ዋጋ ሰጠ። ከገበያው ዋጋ ጋር ያለውን ልዩነት ሲሞላ የኖረው ግን በዋናነት ግምጃ ቤቱ ሳይሆን የመብራት ሂሳብ ከፋዩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በሂሳቡ ላይ ለዚሁ የሚታከለው ጭማሪ በኪሎዋት ሰዓት 6.88 የዩሮ ሳንቲም ደርሷል። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019፣ ቃላችንን ሊያርምልን የተሰየመ ይመስል፣ ያ ሕግ በ2012 የያዘውን ቅርጽ መርምሮ ገንዘቡ የመንግሥት ሀብት አይደለም ሲል ፈረደ። ነፋስ የጅምላውን ዋጋ ስለሚያወርድ ከፋዩ መልሶ ይጠቀማል የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ብዙ ኃይል የሚፈጁ ፋብሪካዎች ጭማሪው በእጅጉ ተቀንሶላቸው በርካሹ ዋጋ ሲገዙ፣ ሸክሙ ወደ ቤተሰቡ ዞረ። እኔ «የግዴታ መዋጮ» ብንለው እመርጣለሁ። መዋጮ በፈቃድ ነው የሚለኝ ካለ፣ የዕድሩን ሦስት ወር ዘልሎ ይሞክረው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ጭማሪው ቀርቶ ወጪው ወደ ፌዴራል መንግሥቱ ተዛውሯል፤ «ድጎማ» የሚለው ቃል ለጀርመን ነፋስ ሙሉ በሙሉ የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው።