ሳማ፣ ሻጋታና ፓስታ፦ የድሃ ማዕድ እንዴት ተከበረ?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ዛሬ ከነገሥታትና ከጦር ሜዳ ወጣ ብለን ማዕድ ቤት እንግባ።

ሰሜን ጣልያን ውስጥ በጸደይ ወራት የሚሠራ አንድ ምግብ አለ። ከሜዳ የተለቀመ ለጋ ሳማ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ያኔ መለብለቡ ይጠፋል። ጎርጎንዞላ የሚባለው ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ ከክሬም ጋር በዝግታ ይቀልጣል። ፓስታው ተቀቅሎ፣ ከመቀቀያው ውሃ ጥቂት ጠብ ተደርጎበት ከሁለቱ ጋር ይዋሃዳል። አለቀ። ዛሬ ይሄ ሳህን ትልልቅ ሬስቶራንት ሲቀርብ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

ሳህኑን ግን እንደ ታሪክ ሰነድ እናንብበው።

ፓስታው፦ «ማርኮ ፖሎ ከቻይና አመጣው» የምትሉኝ አትጠፉም። ማርኮ ፖሎ ቬኒስ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1295 ነው። አል-ኢድሪሲ ግን በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለዳግማዊ ሮጀር በጻፈው የጂኦግራፊ መጽሐፍ፣ ፓሌርሞ አጠገብ ትራቢያ በተባለች ቦታ «ኢትሪያ» የሚሉት የሊጥ ምግብ በብዛት ተሠርቶ፣ በመርከብ ወደ ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር እንደሚላክ መዝግቧል። ደረቅ ፓስታ ሳይበላሽ ይቆያል፤ መንገድ ይችላል። እንደኛ በሶና ዳቦ ቆሎ ማለት ነው።

አይቡ፦ ወተት ቶሎ ይበላሻል። አይብ ማለት ወተትን ለነገ ማቆያ ብልሃት ነው። ሌላው የሚጥለውን ሻጋታ እነሱ አሠልጥነው ሥራ ሰጡት። የጎርጎንዞላ ዘመድ የሆነውን የፈረንሳዩን ሮክፎር ብናይ፣ ንጉሥ ቻርልስ 6ኛ በ1411 አይቡን ዋሻ ውስጥ የማብሰል መብት ለመንደሩ ሰዎች ብቻ ሰጠ፤ በ1925 ደግሞ ስሙ በሕግ ተጠበቀ።

ሳማው፦ ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን የሚለቀም የገበሬ ቅጠል ነው።

እንግዲህ ሦስቱም «ነገ ምን እንበላለን?» ከሚለው ጭንቀት የተወለዱ ናቸው። ታዲያ ማን አከበራቸው? በእኔ እምነት፣ የጻፋቸው ሰው ነው። ፔሌግሪኖ አርቱዚ የሚባል ነጋዴ በ1891፣ ጣልያን አንድ አገር ከሆነች ከ30 ዓመት በኋላ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ፍሎረንስ ውስጥ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። አሳታሚዎች አንፈልግም ብለውት ነበር። በኋላ ግን አንባቢዎች ከየከተማው የየቤታቸውን አሠራር በደብዳቤ ይልኩለት ጀመር፤ 475 የነበረው የምግብ ዓይነት 790 ደረሰ። የጓዳው እውቀት የአገር ቅርስ ሆነ።

አሁን ወደ እኛ። ፓስታ ከጣልያን ጋር ገባ፤ ዛሬ በእንጀራ ሳይቀር እንበላዋለን፣ ማንም አያፍርበትም። ሳማ ግን የራሳችን ነው። የደጋችን ሳማ ሌላ አገር የማይበቅል ዓይነት ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ «ኡርቲካ ሲሜንሲስ» ራሱ የስሜንን ተራሮች ስም የያዘ ነው። እናቶቻችን ቀቅለው፣ ዱቄት ጣል አድርገውበት፣ ስንት ክፉ ክረምት አሻግረውናል። ክፍል ውስጥ «ሳማ የበላ እጁን ያውጣ» ስል ግን ሳቅ ይነሳል፣ አንድም እጅ አይወጣም። የበሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ያፈርንበትን አንጽፍም፤ ያልጻፍነው ደግሞ ከአያቶቻችን ጋር ይቀበራል። የትኛው ቅጠል ይበላል፣ የትኛው ይገድላል፣ በስንተኛው ውሃ መርዙ ይወጣል — ይሄ በረሃብ ዘመን በሰው ነፍስ የተገዛ እውቀት ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ (አዎ፣ ከተመረቃችሁም በኋላ አለ 😄)፦ በዚህ ሳምንት እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁ። በክፉ ቀን ምን ለቀማችሁ? እንዴት ሠራችሁት? ከነአካባቢው ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ ሰብስቤ እይዘዋለሁ። አያት ያላችሁ ቅድሚያ ስጡት፤ ይሄ የቤት ሥራ ቀነ ገደብ አለው።