አዋሽ፦ ከአዋጁ በፊት የነበረው ጥላ

አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ መንገዱ እኔ የምወደው መተሐራን አለፍ ብሎ ያለውን ነው። እዚያ ወንዙ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ዳርና ዳሩን ሾላ፣ ሁመርና ግራር አጅበውታል። ቦታው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ድንኳን ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያድረውም እዚያው ከፏፏቴው አጠገብ፣ ከዛፎቹ ሥር ነው። የዚህ ጥላ ታሪክ ሲነገር ግን ሁልጊዜ የሚጀመረው ፓርኩ ከታወጀበት አዋጅ ነው። ከአዋጁ በፊት የነበረው ብዙ ነው፤ እኔ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አዋሽን ከተማ ያደረጋት ጣቢያው ነው። ባቡር ሲቆም የአፋር ሴቶች ወተትና ቅቤ ይዘው ወደ መስኮቶቹ ይመጡ ነበር፤ መንገደኛውም ቡፌው ጋ ወርዶ ምሳውን ይበላል። እኛ ልጆቹ ፓርኩን የምናውቀው በሩቁ ነበር፦ ከሐዲዱ ማዶ ሳላ የሚታይበት ሜዳ፣ ከኋላው ደግሞ የፈንታሌ ተራራ።

ያን ጊዜም ከዚያ በፊትም በዚህ አገር ድንኳን የሚተክል እንግዳ ይኖር ነበር፤ ግን አዳኝ ወይም አሳሽ ነው። አሳሹ ኔስቢት እ.ኤ.አ. በ1928 የአፋርን በረሃ ወደ ሰሜን ለማቋረጥ የተነሳው ከእኛው ጣቢያ ነው። አዲስ አበባ ከእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ በ1930 ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል መጥቶ በአዋሽ በረሃ ሲያድን ከረመ። ወንዙ የት እንደሚጠፋ ማወቅ አለብኝ ብሎ በ1933 ተመለሰ፤ በ1934ም ውሃውን እስከ አቤ ሐይቅ ተከተለው። ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ ተጽፏል። መንገዱን ስላሳዩአቸው፣ ውሃ ስላጠጧቸው፣ ግመል ስለጫኑላቸው ሰዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

የዚህ ዳርቻ ባለቤቶች በዋናነት ከረዩዎች ናቸው፤ በገዳ ሥርዓት የሚተዳደሩ፣ ከብትና ግመል የሚያረቡ ኦሮሞዎች። ኢቱዎችም አሉ፤ በወንዙ ወዲያ ደግሞ አፋሮች። የከረዩ አኗኗር ከውሃ ጋር የተስማማ ነበር። ዝናብ ሲጥል ከብቱ ከወንዙ ርቆ ወደ ፈንታሌና ወደ ሜዳው ይሰማራል፤ በጋው ሲበረታና ኩሬው ሲደርቅ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ወንዙ ሞልቶ የሸሸበት ሜዳ ሌላው ሁሉ ሲነድ ለምለም ነው። ስለዚህ የወንዝ ዳሩ ግጦሽ በክረምት አይነካም፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ዛሬ ጎብኚ በጥር ወር ሾላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያደንቀው ልምላሜ ያ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ነው።

ሁሉም ነገር የተለወጠው በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ፤ የወንዙ ሙላትና ጉድለት ከዚያ በኋላ በሰው እጅ ገባ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ወንጂ ላይ ስኳር የጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወደ መተሐራ ወረደና በአሥርቱ መጨረሻ የከረዩ የበጋ ሜዳ የሸንኮራ አገዳ ሆነ።

ልክ በዚያው ጊዜ ሌላ ሐሳብ እየመጣ ነበር። በ1963 ሰር ጁሊያን ሃክስሊ ያሉበት የዩኔስኮ ቡድን አገሪቱን ተመልክቶ ብሔራዊ ፓርኮች ይከለሉ ሲል መከረ። የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ጆን ብሎወር በአማካሪነት መጡ። አዋሽ በ1966 ፓርክ ሆነ፤ በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የተከለለው እንዲህ ነው። ከሰሜን ተራሮች ጋር ለብዙ ዓመታት በሕግ የታወጁት ፓርኮች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሁለቱን ነገሮች ነጣጥሎ ማየት አይገባም። ከረዩ በአንድ ወገን ሜዳውን ለሸንኮራ፣ በሌላ ወገን ጫካውንና የሳላውን ሜዳ ለፓርኩ አስረከበ። ስኳሩ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ወደ ጫካው መሸሽ ይችል ነበር፤ ፓርኩ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ሜዳው ይበቃው ነበር። ሁለቱ ባንድነት መጡና መሸሻ ጠፋ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የ1965ና የ66 ዓ.ም. ድርቅ ደረሰ። ከብቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ጠባቂና ወሰን አገኘው። በፓርኩና በአርብቶ አደሩ መካከል እስከ ዛሬ ያለው ቅሬታ ሥሩ እዚያ ነው። እኔ ፓርኩን እወደዋለሁ፤ ባይከለል ኖሮ ያ ጫካ ዛሬ አይኖርም ብዬም አምናለሁ። ሲከለል ግን ባለቤቶቹ አልተጠየቁም፤ ይህንንም መናገር ፓርኩን መጥላት አይደለም።

ፏፏቴው አጠገብ ከልጆቼ ጋር ባደርንበት ጊዜ ቦታ የመረጡልን አብረውን ያደሩት የፓርኩ ስካውት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ከረዩ። ድንኳኑ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት የወንዙን ዳር ወዲያና ወዲህ ተመላለሱበት። ከውሃው ወደ ላይ የሚወጣ አንድ መንገድ አሳዩን፦ ግራና ቀኙ በእግር ተረግጦ ጎድጉዷል፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ሣር ቀርቷል። ጉማሬ ነው። ማታ ለግጦሽ በዚያ ይወጣል፣ ሳይነጋ በዚያው ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል የቆመን አይምርም። ስለዚህ ድንኳናችን ከመንገዱ ርቆ፣ ጀርባውን ለትልቅ ሾላ ሰጥቶ ተተከለ። ዳቦና ስኳሩ ደግሞ መኪና ውስጥ ተቆለፈበት፤ ጦጣ የድንኳን ዚፕ መክፈት ታውቃለች። ሲመሽ ጉሬዛዎቹ ከማዶ ጮኹ፤ ፏፏቴው ሌሊቱን ሙሉ አልበረደም።

እሳት ዳር ሻይ እየጠጣን ስለ ቦታው ስጠይቃቸው፦ «እህቴ፣ አባቴ በበጋ ከብት የሚያጠጣው እዚህ ነበር» አሉኝ። የቆጠሩልኝም የዛፉን ዕድሜ አልነበረም፤ ከብቱ በምን ተራ ወደ ውሃው እንደሚወርድ ነው። መጀመሪያ ጥጃና የሚታለብ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻ ግመል፤ ግመል ቀድሞ ከገባ ውሃው ይደፈርሳላ። አባታቸው ከብት ያወርዱበት የነበረውን ዳር እሳቸው ዛሬ ጠመንጃ ይዘው ከከብት ይጠብቃሉ፤ ደመወዛቸውም ከዚያ ነው።

ፓርኩም ቢሆን በደህና አልኖረም። በ1974 እ.ኤ.አ. ከሰንቀሌ ቆርኬ ተጭኖ መጥቶ ነበር፤ አልቀረም። የሜዳ አህያውም ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚገኘው ወደ ሰሜን፣ አለደጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ የአገሪቱ ፓርኮች ጠባቂ አጥተው ሲዘረፉ ይህም ችግሩን ተካፍሏል። ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው እንግዳ ይቀበሉ የነበሩት የከረዩ ሎጅ ካራቫኖች አረጁ። ዋናው የጅቡቲ አውራ ጎዳና ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የከባድ መኪና ድምፅ ሳላው ሜዳ ድረስ ይሰማል። ከምዕራብ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ ውሃው መንገዱንና ሐዲዱን አስለውጧል። የመስኖ ውሃ ወደ ከርሰ ምድር መግባቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ፈንታሌም ቢሆን ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አሁንም ከመንገድ ይታያል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጡ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አፈናቅሏል።

እንዲህም ሆኖ ያለው ብዙ ነው። ከ400 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች በወንዙ ዳር ተገናኝተው የሚዳቀሉበት ቦታ በመሆኑ ከዓለም ዙሪያ ተመራማሪ ይመጣል። በሰሜኑ ጫፍ ፍልውሃው ከዘንባባ መካከል ይፈልቃል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ይህን ያህል ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው።

እኔ የምለው የበጋው ግጦሽ በስምምነትና በተራ ይፈቀድ ነው፤ ስካውቱም፣ አስጎብኚውም፣ የካምፕ ገቢውም በመጀመሪያ የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር ይሁን። ሕዝቡ የተቀማሁት የሚለውን ቦታ ጠመንጃ ብቻ ሊያቆየው አይችልም፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ወዲህ ያየነው ይህንኑ ነው።

እናንተም ሂዱ። መጀመሪያ የአካባቢውን ሁኔታ አጣሩ፣ ከዚያ ድንኳን ያዙ፣ ደረቅ እንጨት ከጫካው አትስበሩ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ማታ አብሯችሁ ለሚያድረው ስካውት ሻይ ቅዱና እዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ ማን ያጠጣ እንደነበር ጠይቁት።