የተማሪ ስንቅ፦ ከበርበሬ ተራ እስከ አውሮፓ

ወደ ውጭ አገር ተልኮ የተማረ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ሲጻፍ ሁለት ነገር ይገናል፤ የላከው መንግሥትና ይዞት የተመለሰው ዲግሪ። በመካከሉ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ ማለትም ተማሪው በማያውቀው ከተማ ማን ተቀበለው፣ ምን በላ፣ ከማን ጋር ዋለ የሚለው፣ እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። የእነዚያ ቀናት ታሪክ ግን ያለ መርካቶ ሊነገር አይችልም ባይ ነኝ። ከበርበሬ ተራ ተገዝቶ፣ እቤት ተቀምሞና ተፈጭቶ ሻንጣ ውስጥ የገባው ስንቅ ረሃብ ከማስታገስ ያለፈ ሥራ ሠርቷል፤ ተማሪው በባዕድ ከተማ የሚጠብቀው ሰው እንዲኖረው አድርጓል።

ይህን ለመረዳት ስንቃቸው አውሮፓ ያልደረሰላቸውን የቀድሞዎቹን ማየት ይጠቅማል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መንገዱ እስከ ጠረፍ በበቅሎና በእግር፣ ከዚያ በመርከብ ነበር። ከቤት የወጣው ምግብ ባሕሩ ዳር ሳይደርስ ያልቃል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥዕል ሊማር ቶሪኖ ሲገባ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነቱ ሩሲያ ሲደርስ፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከምጽዋ በመርከብ ሄዶ ኦስትሪያ ላይ ሲወርድ፣ ቀድሞ ደርሶ የሚቀበላቸው የአገራቸው ልጆች ማኅበር አልነበረም። የነበረው አንድ በጎ አድራጊ ወይም አንድ ቤተሰብ ነው። ለገብረ ሕይወት ዕድሉ ቀንቶት ሀብታም ቤተሰብ አሳደገው፤ በርሊን ሕክምና እስከ መማርም ደረሰ። ተክለ ሐዋርያት የሩሲያን የመድፈኛ ትምህርት ቤት ጨርሶ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቀ። አፈወርቅ ደግሞ በአድዋ ጦርነት ጊዜ ከጣሊያን ወገን ቆመ። ይህን በስንቅ ማጣት ላይ ማላከክ አይገባም፤ የሰውየው ምርጫ ነው። ሆኖም የሦስቱም የመጀመሪያ ቀናት በተቀባዩ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ እንደነበሩ መካድ አይቻልም። ደግ ቢያገኙ ይሰምርላቸዋል፣ ክፉ ቢገጥማቸው መሸሻ የላቸውም።

ስንቅ ራሱ ከተማሪ እጅግ የቀደመ ልማድ ነው። ነጋሪት ሲጎሰም ዘማቹ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ቋንጣውን ይዞ ይነሣ ነበር፤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚወጣውም እንዲሁ። የዘማቹ ስንቅ በአብዛኛው ከራሱ ጎተራ፣ ከሚስቱና ከእናቱ እጅ የወጣ ነው። እርሻ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ስንቁን ከገበያ መግዛት ነበረበት። ያ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጩን ከአገሬው ለመለየት ባወጣው ዕቅድ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ሰፈር ገፋው። ወራሪው ሲወጣ ገበያው እዚያው ቀረ፣ ሰፋም፤ መርካቶ የምንለው እሱን ነው። የማረቆና የአላባ በርበሬ፣ ሽምብራና አተር፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ ሁሉም እዚያ ይገኛል። የብርድ ካፖርቱ እንኳን ከሰልባጅ መደብ ይመረጣል። ለመለያየት የተቆረሰው ሰፈር ወደ አውሮፓ የሚሄደውን ልጅ የሚያሰናዳ ሆነ። የቀረው የቤት ሥራ ነው፤ በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ከቅመሙ ጋር ፀሐይ ይመታዋል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህን ሥራ የሚሠሩት እናቶች፣ አክስቶችና ጎረቤቶች ስማቸው በየትኛውም የትምህርት ታሪክ ውስጥ የለም።

ስንቁን እስከ አውሮፓ ማደሪያ ያደረሰው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መብረር ጀመረ፤ በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የሄዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተማሪዎቹን ሲያሰናብቱ የሕንፃ ርዝመት እንዲያወሩላቸው ሳይሆን አገር የሚያንጹበትን ሙያ ይዘው እንዲመለሱ እንደመከሯቸው ይናገሩ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ምክር ሰጠ፣ ቤተሰብ ሽሮ ሰጠ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈልግ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ብዙ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲላኩ የመጀመሪያ ወራታቸው ያለቀው ቋንቋ በመማር ነው፤ ላይፕዚግ ያለው የሄርደር ተቋም ለዚሁ ሥራ የቆመ ነበር። አፉን ገና ያልፈታ ሰው አገሬውን በወሬ ሊቀርብ አይችልም። እዚህ ላይ ነው አደራ የሚመጣው። አዲሱ ተማሪ የራሱን ብቻ አይዝም፤ ቀድሞ የሄደው የጎረቤት ልጅ እናትም አንድ ፌስታል በርበሬ ታስይዘዋለች። ስለዚህ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ የሚፈልገው፣ ማደሪያው ድረስ መጥቶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለ። አደራውን የተቀበለው ደግሞ በተራው ባቡሩን፣ ሱቁንና የጽሕፈት ቤቱን አሠራር ያሳየዋል። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና በተክለ ሐዋርያት ዘመን ያልነበረው ይህ ነው።

ስንቅ ተማሪውን ከአገሬው ያርቀዋል፣ ሽሮ ዙሪያ ሰብስቦ ያስቀረዋል የሚል ክርክር ይነሣል። ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፤ ግን ማስረጃው ወደ ሌላ ያመለክታል። ጥቂት ኪሎ በርበሬ አምስት ዓመት አይዘልቅም፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው የሚበላው የአገሬውን ዳቦና ድንች ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በአውሮፓ የተደራጀው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር አባላትም ያነበቡት የአውሮፓን መጻሕፍት፣ የተከራከሩት በዓለም ጉዳይ ላይ ነው። በአንድ ማዕድ መሰብሰባቸው ለክርክሩ አጋዣቸው እንጂ እንቅፋታቸው አልነበረም። ይህ የባለጸጋ ልጆች ታሪክ ነው ለሚልም መልስ አለ፦ መርካቶ በኩንታል እንደሚሸጥ ሁሉ በመደብም ይሸጣል፤ አቅም ያነሰውን ቤተሰብ ደግሞ ዘመድና ጎረቤት ያግዘዋል።

ዛሬ ለንደንም ፍራንክፈርትም የሐበሻ ሱቅ ስላለ ልማዱ አብቅቷል የሚሉ አሉ። አላበቃም፤ ተለወጠ እንጂ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤት እንዳይዝ ስለሚከለክል ቋንጣና ቅቤ ከሻንጣው ወጥተዋል። በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ግን ዛሬም ይሄዳሉ። ከቀደሙት የተማሪዎች ዓመታት የቀሩት ደብዳቤዎች፣ ተማሪው አደራው ደረሰኝ ብሎ የጻፋቸውና ቤተሰቡ በየሣጥኑ ያስቀመጣቸው፣ ከዲግሪው ያልተናነሰ የታሪክ ሰነድ ናቸው። ደብዳቤዎቹ በእጃችሁ ያሉ አንባቢዎች፣ አትጣሏቸው፤ ቅጂያቸውን ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ስጡ።