ሰምና ወርቅ በእንግሊዝ ጋዜጣ

እንግሊዞች በየቀኑ ጋዜጣ ላይ የሚፈቱት ክሮስወርድ የራሱ ሰምና ወርቅ አለው። ፍንጩ ላይ ላዩን ሌላ ነገር ያወራል፤ መልሱ ግን ውስጡ ተደብቋል። ታይምስ ጋዜጣ ክሮስወርድ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በ1942 ደግሞ ዴይሊ ቴሌግራፍ በ12 ደቂቃ ውስጥ ማን ይፈታል ብሎ አንባቢዎቹን አወዳደረ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ የጀርመን ጦር ምስጢር ወደሚፈታበት ብሌችሊ ፓርክ ተጠሩ። ሁለት ትርጉም የለመደ ጆሮ ለቁም ነገር ተፈለገ ማለት ነው።

ጨዋታው እኛም ቤት አለ። እስቲ እራት ላይ ለልጆቹ «ገና አልደረሰም» ብላችሁ ጻፉላቸው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ እስካሁን ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን በዓሉ ነው። ፊደሉን ከእኛ ይማራሉ። መጥበቅና መላላቱ ግን ፊደል ላይ አይታይም፤ የሚሰሙት ከእናንተ አፍ ነው።